ማሃባራታ፦ የ14ኛው ሌሊት ጨረቃ ከየት መጣች?

ሌሊት_አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ጥያቄ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። (እንቅልፍ እንኳ ድሮም የለኝም፤ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው።)

ማሃባራታን ማንበብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ለማታውቁት፣ የህንዶች ትልቁ የጀግኖች ግጥም ነው። 18 መጽሐፍ አለው። አንድ መቶ ወንድማማቾች ካውራቫዎችና አምስት ወንድማማቾች ፓንዳቫዎች የአጎት ልጆች ናቸው። በዙፋን ተጣልተው ኩሩክሼትራ በሚባል ሜዳ ላይ 18 ቀን ይጨራረሳሉ። ቦታው ዛሬም በዚያው ስም አለ፤ ከዴልሂ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እኔን ያስቸገረችኝ ጨረቃዋ ናት። አምስተኛው መጽሐፍ ላይ የፓንዳቫዎች ወዳጅ ክሪሽና ለዕርቅ ሄዶ አልሳካ ሲለው የካውራቫዎቹን ተዋጊ ካርናን ለብቻው ያናግረዋል። «ወሩ ደግ ወር ነው» ይለዋል። ሳሩም ማገዶውም ሞልቷል፣ ጭቃ የለም፣ ዝንብ የለም፣ ሙቀቱም ብርዱም አይከብድም። ከዛሬ በሰባተኛው ቀን ጨረቃ ትጠፋለች፣ ውጊያው ያን ጊዜ ይሁን ይላል። እሺ። ስለዚህ አንደኛው ቀን ጨረቃ የሌለችበት ቀን ነው ብዬ ያዝኩ።

ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ 14ኛው ቀን መጣ። ያን ዕለት ፀሐይ ገብታም ውጊያው አይቆምም። ድፍን ጨለማ ነው። ካውራቫዎች በየሠረገላው አምስት፣ በየዝሆኑ ሦስት፣ በየፈረሱ አንድ መብራት ያበራሉ። በኋላ ሰዉ ሁሉ በድካም ሲወላገድ ከፓንዳቫዎቹ አንዱ አርጁና «ጨረቃ እስክትወጣ እዚሁ ተኙ» ይላል። ሁለቱም ጦር ባለበት ይጋደማል፤ ዝሆኑ ላይ የተኛ አለ፣ መሬት ላይ የተኛ አለ። ከዚያ ጨረቃ ትወጣለች። ከሌሊቱ ሲሶው ሲቀር እንደገና ይነሳሉ።

እኔ የምለው፣ ጨረቃ ከጠፋች በ14ኛው ቀን ሙሉ ልትሆን ምንም አይቀራትም። ገና ሳይመሽ ሰማይ ላይ መሆን አልነበረባትም? ወይስ እኔ ነኝ መቁጠር ያቃተኝ?


ካልኩሌተር

አልተሳሳትሽም። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ስትገባ እሷ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ እየዘገየች ሄዳ፣ በ10ኛው ቀን ገደማ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብቅ ትላለች። በነገርሽን ትዕይንት ላይ ያለችው እየጎደለች ያለች ጨረቃ ነች። ጦርነቱ ጨረቃ በጠፋችበት ቀን ከጀመረ አይገጥምም። በቃ፣ ገጣሚው ረስቶታል።


ቀበሌ_07

እኔ የማውቀው የህንድ ጦርነት ሲኒማ ቤት ያየሁትን ነው። እዚያ ጨረቃ ሁልጊዜ ሙሉ ናት፣ ዘፈን ስላለ።


ፑኔ_ተመላሽ

«ረስቶታል» ለማለት አትቸኩል ካልኩሌተር። ህንድ አገር ፑኔ ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የአከራዬ አባት ሽማግሌ የፓንቻንግ ሰው ነበሩ። ፓንቻንግ ማለት የነሱ የዘመን መቁጠሪያ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሠርግም ቤት መግባትም እሱ ሳይታይ አይሆንም። ከሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለ። አንዱ ጨረቃ ከፀሐይ ምን ያህል እንደራቀች ነው። በየ12 ዲግሪው አንድ «ቲቲ» ይባላል። 30 ቲቲ አንድ የጨረቃ ወር ነው፣ 29 ቀን ተኩል ገደማ። ግማሹ ብሩህ ጎን ነው፣ ጨረቃ የምትሞላበት። ግማሹ ጨለማው ጎን ነው፣ የምትጎድልበት። መጨረሻው ጨረቃ የምትጠፋበት «አማቫስያ» ነው።

ሌላው ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር አደረች የሚለው ነው። ሰማዩን 27 ቦታ ከፍለውታል፣ እያንዳንዱ «ናክሻትራ» ይባላል። ጨረቃ በየሌሊቱ አንዱ ጋ ታድርና በ27 ቀን ከምናምን ዞራ ትመለሳለች። ተረቱ ደስ ይላል። 27ቱ የዳክሻ ልጆች ናቸው፣ ሁሉም የጨረቃ ሚስቶች። (ጨረቃ እነሱ ጋ ወንድ ነው፣ ሶማ ይባላል።) ሶማ ግን ሮሂኒን ብቻ ወዶ ሌሎቹን ተወ። አባትየው ረገመው፣ በሳምባ በሽታ መክሳት ጀመረ። በኋላ ተለማምጠውለት እርግማኑ ቀለለ፤ ግማሽ ወር ይከሳል፣ ግማሽ ወር ይወፍራል። ይሄ ታሪክ እዚያው ማሃባራታ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የክሪሽና ወንድም ባላራማ «ሁለቱም ወገን ዘመዶቼ ናቸው፣ አልዋጋም» ብሎ ወደ ተሳልሞ ሄዶ ነበር። በ18ኛው ቀን፣ ከፓንዳቫዎች ቢማ፣ ከካውራቫዎች ዱርዮዳና በዱላ ሊጋጠሙ ሲሉ ድንገት ይደርሳል። ሲደርስ የሚናገራትን ልብ ብለሽ አንብቢ፦ ከወጣሁ 42 ቀኔ ነው፣ ስወጣ ጨረቃ ፑሽያ ላይ ነበረች፣ ስመለስ ሽራቫና ላይ ናት። ከመጀመሪያው ናክሻትራ ከአሽቪኒ ስንጀምር ፑሽያ 8ኛ ነው፣ ሽራቫና 22ኛ። ቁጠሪው።


ሌሊት_አንባቢ

ቆጠርኩት! የምስር ክክ በሳህን ዙሪያ ደርድሬ፣ ሌሊት በ9 ሰዓት። የሥራ ባልደረባዬ «ምነው፣ ጠንቋይ ሆንሽ?» አለችኝ።

ፑሽያ ላይ 1 ብዬ ጀመርኩ። 27 ክክ ዞሬ ተመልሼ ፑሽያ ላይ 28 አልኩ። ከዚያ 14 ክክ ወደፊት፣ ሽራቫና ላይ ልክ 42። ቁጭ! ሰውየው አልዋሸም።

ከዚያ ደስ ብሎኝ ወደ ኋላም ቆጠርኩ። 18ኛው ቀን ሽራቫና ከሆነ፣ 1ኛው ቀን 17 ወደ ኋላ ነው፤ 5ኛው ክክ ላይ አረፍኩ። እሱ ምን ይባላል?


ፑኔ_ተመላሽ

ምሪጋሺራ። ኦሪዮን በሚባለው የኮከብ ስብስብ ራስ በኩል ያለችው። ጨረቃ እዚያ ስትሞላ ነው ወሩ «ማርጋሺርሻ» የሚባለው፤ በኛ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ። ስለዚህ በባላራማ አቆጣጠር ጦርነቱ የጀመረው ጨረቃዋ ሞልታ ወይ ልትሞላ ስትል ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ 14ኛው ሌሊት ላይ የጎደለች ጨረቃ ዘግይታ መውጣቷ ይገጥማል። ህንዶችም ዛሬ የጊታ በዓልን፣ ክሪሽና ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለአርጁና የነገረውን ማለት ነው፣ የሚያከብሩት ማርጋሺርሻ ብሩህ ጎን በ11ኛው ቀን ነው። አልራቀም።

ታዲያ የክሪሽና አማቫስያስ ካልሽኝ፣ «ውጊያው ይሁን» ያለበት ቃል ማሰናዳት፣ ማጣመር የሚል ስሜት አለው። በሬ እንደሚጠመድ። ያን ቀን ጦሩ ተሰለፈ፣ መሥዋዕቱ ተደረገ፣ ውጊያው ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የተጀመረ ብለው የሚያስታርቁ አሉ። ያሳመነኛል ለማለት ግን አልደፍርም።


የቆሎ_ተማሪ_የነበርኩ

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔም አንድ ልጨምር። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ክርክራቸው ጭራሽ የባሕረ ሐሳብ ክርክር ነው።

ፓንዳቫዎች በቁማር ተሸንፈው 12 ዓመት ዱር፣ 13ኛውን ዓመት ደግሞ ተደብቀው እንዲኖሩ ተፈርዶባቸዋል። በ13ኛው ዓመት ከታወቁ እንደገና 12 ዓመት። አርጁና ተገልጦ ሲወጣ ዱርዮዳና «ጊዜው ሳይሞላ ታየ፣ ይመለሱ» ይላል። ሽማግሌው ቢሽማ ሒሳቡን ይሠራል። በየአምስት ዓመቱ ሁለት ወር ይተርፋል፣ ስለዚህ በ13 ዓመት 5 ወር ከ12 ሌሊት አልፏል፤ ልጆቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል ይላል።

ይቺ ትርፍ የኛው አበቅቴ አይደለችም? የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354፣ ልዩነቱ 11። እኛ 11 እያልን 30 ሲሞላ እንገድፋለን። እነሱ ደግሞ በጥንቱ የሒሳብ መጽሐፋቸው በቬዳንጋ ጆቲሻ አምስት ዓመትን 1830 ቀን አድርገው 62 የጨረቃ ወር ያገቡበታል። ዓመቱ 366 ሆነ ማለት ነው፣ ትርፉም 12።

ግን ልጅ ሳለሁ መሪጌታ በአርጩሜ ያስተማሩኝ ሒሳብ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፍም። 12 በ13 ሲባዛ 156 ነው። 156 ማለት 5 ወር ከ6 ቀን። ቢሽማ 5 ወር ከ12 ሌሊት ይላል። ስድስቱ ከየት መጣች? እኔ የምጠረጥረው 12 የዓመቱ ትርፍ ስለሆነች ከሌላ መስመር ተንሸራታ የገባች ነው። የቃል ትምህርት እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል፤ እኔ ራሴ ሳዜም ስንት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘልዬ ተገርፌያለሁ።


ካልኩሌተር

ጋሼ፣ ይሄኛው አስተያየት ከኔ «ረስቶታል» ይሻላል። አንስቻለሁ።


ሰማይ_በኮምፒውተር

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ሰዎች፣ ይሄ ሁሉ በሶፍትዌር ይፈታል እኮ። ስድስተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ጠቢቡ ቪያሳ ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ ለድሪታራሽትራ የሰማዩን ሁኔታ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ሳተርን ሮሂኒን እያስጨነቀ። ማርስ ማጋ ላይ ወደ ኋላ እየሄደ። ጁፒተር ሽራቫና ላይ። ጅራታም ኮከብ ፑሽያ ላይ። በአንድ ወር ፀሐይም ጨረቃም ተጋርደው፣ ያውም ከ13 ቀን በኋላ! ይሄን የመሰለ ዳታ ሆሜር የት አለው? ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ብቻ ነው።

ተፈልጎም ተገኝቷል። አንዱ ተመራማሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3067 ይላል። ሌላው 5561 ይላል። በህንድ ያለው የአይሆሌ ድንጋይ ጽሑፍም እ.ኤ.አ. በ634 ተቀርጾ «ከባራታ ጦርነት 3735 ዓመት» ይላል፣ 3102 ከክርስቶስ በፊት ማለት ነው።


ካልኩሌተር

አንድ፣ ራስህ በጠቀስካቸው ሦስት መልሶች መካከል 2500 ዓመት አለ። ሰማዩ አንድ ከሆነ መልሱም አንድ መሆን ነበረበት።

ሁለት፣ ቪያሳ ማርስ ማጋ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳል አለ። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ካርና ለክሪሽና ምን አለው? ማርስ ጅዬሽታ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ አኑራዳን ይመኛል። ማጋ 10ኛ ነው፣ ጅዬሽታ 18ኛ። አንድ ማርስ፣ በአንድ ወቅት፣ ሁለት ቦታ። ማርስ ወደ ኋላ የሚሄድ የሚመስለው በሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ አንዴ ነው።

ሦስት፣ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ላም አህያ ወለደች ይላል። የአማልክቱ ምስሎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይስቃሉ ይላል። አህያ የወለደችውን ላም በየትኛው ሶፍትዌር ልፈልጋት?


ሰማይ_በኮምፒውተር

የላሟን ተዋት። ግጥም ነው፣ ማጋነን አለበት። ግን የ14ኛውን ቀን ግርዶሽ ምን ትላለህ? አርጁና «ፀሐይ ሳትጠልቅ ጃያድራታን (የካውራቫዎች ወገን ነው) ካልገደልኩ እሳት እገባለሁ» ብሎ ምሏል። ሊመሽ ሲል ጨለማ ይሆናል። ጃያድራታ «መሸልኝ» ብሎ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ፀሐይ ተመልሳ ታበራለች፣ አርጁና ይገድለዋል። ይሄ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ብዙ ሰው የሚለው ነው።


ሌሊት_አንባቢ

ቆይ ቆይ። ይሄኛውን ለኔ ተዉልኝ፣ አሁን ባለሙያ ሆኛለሁ።

የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ስትጠፋ ብቻ ነው፣ አይደል? ፀሐይና እኛ መሃል ገብታ ነውና። ጃያድራታ የሞተው በ14ኛው ቀን ነው። የዚያኑ ዕለት ሌሊት ነው እነ አርጁና ጨረቃ እስክትወጣ የተኙት። ከቀትር በኋላ ፀሐይን የጋረደች ጨረቃ ከፀሐይ ጋር አብራ ትገባለች፤ ያን ሌሊት ጨርሶ አትታይም። ታዲያ ሊነጋ ሲል የወጣችው የማን ጨረቃ ናት?

በክክ ቆጥሬ ነው የደረስኩበት። ሶፍትዌር አልነካሁም።


ቀበሌ_07

ዝም በል ተባልክ ወዳጄ። በክክ!


ሰማይ_በኮምፒውተር

😅 እሺ። የግርዶሹን ነገር ለቅቄያለሁ። አሩንዳቲን ግን አልለቅም። ቪያሳ «አሩንዳቲ ከባሏ ከቫሲሽታ ቀድማ ሄደች» ይላል። እነሱ ሰማይ ላይ ያሉ ሁለት የሚጠጋጉ ኮከቦች ናቸው፣ ሚዛርና አልኮር፣ ሰባቱ ጠቢባን በሚሉት የኮከብ ስብስብ ጭራ ላይ። ዛሬ ሲታይ ቀዳሚው ቫሲሽታ ነው። እሷ የቀደመችበት ጥንት ዘመን አለ፤ 5561 የሚለው ሰውዬም የሚነሳው ከዚህ ነው። ይሄ ተረት አይፈጠርም።


ፑኔ_ተመላሽ

እኔ ደግሞ አሩንዳቲ ለተቃራኒው ነገር ዋና ማስረጃ ናት ባይ ነኝ። ትንሽ ልለጥጠው፣ ታገሱኝ።

ጓደኛዬ ሲያገባ ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ሙሽራው ሙሽሪትን ወደ ሰማይ እያሳየ «አሩንዳቲን እይ» ይላታል። ታማኝ ሚስት፣ ከባሏ ጎን የማትለይ። እውነቱን ለመናገር ከተማው መብራት በመብራት ስለነበር ማንም አላያትም፤ ቀን ቢሆንም ጣት ይቀሰራል። ይሄ ሥርዓት ውስጥ ላደገ ሰው «አሩንዳቲ ባሏን ወደ ኋላ ትታ ሄደች» ስትለው ምን ይሰማዋል? ቤት ፈረሰ ማለት ነው። ኮከብ ለክቶ የጻፈ ሰው አይደለም። ዓለም የተገለበጠችበትን ምስል የመረጠ ሰው ነው።

ዝርዝሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ላም አህያ ትወልዳለች፣ ዛፍ ያለ ወቅቱ ያፈራል። የጨረቃዋንም ነገር በዚህ ዓይን እዩት። ቪያሳ «አማቫስያ በ14ኛው፣ በ15ኛው፣ በ16ኛውም ቀን ስትውል አውቃለሁ፤ በ13ኛው ግን አላውቅም» ይላል። ይሄን የሚል ሰው ደንቡን አበጥሮ ያውቃል። ጨረቃ ከምትጠፋበት እስከምትሞላበት ያለው ጊዜ አንዳንዴ 13.9 ቀን አካባቢ ይሆናል፣ አንዳንዴ 15.6። ስለዚህ በፀሐይ መውጫ ሲቆጠር 13 ቀን የሆነ ጎን አልፎ አልፎ በእውነትም ይገኛል። ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ሁለቱ ግርዶሾች በአንድ ወር መሆናቸው ደግሞ ብርቅም አይደለም። የፀሐይ ግርዶሽ ባለበት ከፊቱ ወይ ከኋላው ባለው ሁለት ሳምንት ውስጥ የጨረቃ ግርዶሽ አይጠፋም፣ ደብዛዛም ቢሆን። አስፈሪዋ ያቺ 13 ናት።

በጣም የምወዳት ግን ሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለችው ነው። ፓንዳቫዎች በቁማር ተሸንፈው ወደ ዱር ሲወጡ ራሁ ፀሐይን ዋጣት ይላል። ራሁ ግርዶሽ የሚያመጣው ራስ ብቻ የሆነ ጭራቅ ነው። ከዚያ አንዲት ቃል ይጨምራል፦ «አፓርቫኒ»፣ ያለ ቀኗ። ፀሐይ መጋረዷ ሳይሆን ባልተፈቀደው ቀን መጋረዷ ነው ጉዱ! ገጣሚው የፀሐይ ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን ባያውቅ ኖሮ ያቺን ቃል አይጨምራትም ነበር።

ይሄው ነው የኔ ነገር። ምልኪው የተሠራው ከደንቡ መጣስ ነው። ታዲያ እንዳይሆን ተብሎ የተጻፈን ሰማይ ኮምፒውተር ላይ ፈልገህ «አገኘሁት» ካልክ፣ የሆነ ቦታ ላይ አጣመኸዋል ማለት ነው። በሌላ በኩል ባላራማ «42 ቀኔ ነው» ሲል ማንንም ሊያስፈራራ አይደለም። አርጁና «ጨረቃ እስክትወጣ ተኙ» ሲል ትንቢት አይናገርም፣ ደክሞት ነው። እኔ የማምነው እነዚህን ሳይታሰብባቸው የወደቁትን ነው።

ስለ ዘመኑ፣ ቢ ቢ ላል የሚባሉ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ሃስቲናፑርን ቆፍረዋል። የካውራቫዎች ዋና ከተማ የምትባለዋ ናት። ያገኙት ግራጫ ቀለም የተቀባ ሸክላ ነው፣ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከክርስቶስ በፊት የመጀመሪያው ሺህ ዓመት ውስጥ ይከቱታል። ግጥሙ ራሱ ደግሞ ከ400 ከክርስቶስ በፊት እስከ 400 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው አሁን ያለውን መልክ የያዘው ይላሉ። ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ስንት ባለ ቃል ስንት ጨረቃ ጨምሮበታል!


የወሎ_ልጅ

ምልኪ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። አያቴ ውሻ ሲያላዝን ጫማ ትገለብጥ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 የፀሐይ ግርዶሹ ዕለት ላሊበላ ነበርኩ። ፀሐይ ቀለበት ሆነች፣ ቀዝቀዝ አለ፣ ወፎቹ ዝም አሉ። አንዲት ባልቴት አጠገቤ «ያለ ነገር አይደለም፣ ዘንድሮ በሽታውም እሱው ነው» አሉ። ኮሮና የገባበት ዓመት ነበር።

ቤት ገብቼ ካርታውን ሳይ ያው ጥላ ከኛ በኋላ የመንን፣ ፓኪስታንን አልፎ ሰሜን ህንድ ገብቷል። በየት ሲያልፍ ልክ ነው? ኩሩክሼትራ! እዚያም ፀሐይ ቀለበት ሆናለች። በግርዶሽ ቀን እዚያ ኩሬ መታጠብ ለነሱ ትልቅ በረከት ነው፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይወጣል። የዚያን ዓመት ግን በበሽታው ምክንያት ተከልክሎ ነበር።


የቆሎ_ተማሪ_የነበርኩ

ይሄንን አላውቅም ነበር። አንድ ጥላ፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ዓይነት ባልቴት።

ፑኔ ተመላሽ የተናገርከው ገብቶኛል፣ ግን አንድ የቀረች አለች። ክሪሽና ራሱ በምልኪ ያምን የለም ወይ? 16ኛው መጽሐፍ ላይ፣ ከጦርነቱ 36 ዓመት በኋላ፣ የራሱ ወገን ሊጠፋ ሲል ጨረቃዋን ያይና «14ኛው እንደገና 15ኛ ሆነ። በባራታ ጦርነት ጊዜ የሆነው ነው፣ አሁን ደግሞ ለኛ መጣ» ይላል።


ፑኔ_ተመላሽ

ልክ ነዎት ጋሼ። ያቺን ሳነብ አፌ ነው የተዘጋው። ድሮ ለሌሎች የታየውን ምልክት አሁን በራሱ ላይ ያነበዋል። ክርክር የለኝም።


ሌሊት_አንባቢ

አንድ ችግር ቀርቶኛል፣ ከዚያ አስለቅቃችኋለሁ። ቢሽማ።

ሽማግሌው በ10ኛው ቀን በቀስት ተወግተው ይወድቃሉ። ቀስቱ ከመብዛቱ የተነሳ ሰውነታቸው መሬት አይነካም፤ ቀስቱ አልጋ ሆነ። የሚሞቱበትን ቀን የመምረጥ ስጦታ ስላላቸው ፀሐይ ወደ ሰሜን እስክትዞር ጠብቀው ነው የሚሞቱት። መጨረሻ ላይ «በነዚህ ስል ቀስቶች ላይ 58 ሌሊት ተኛሁ፣ መቶ ዓመት መሰለኝ» ይላሉ። ወሩ ማጋ ነው፣ ብሩህ ጎን።

ህንዶች መታሰቢያቸውን የሚያደርጉት ማጋ ብሩህ ጎን በ8ኛው ቀን መሆኑን አየሁ። ከዚያ 58 ወደ ኋላ፣ ሲደመር አሥር የውጊያ ቀን፣ 68። ቁጥሩ የሚያደርሰኝ የት ነው? የማርጋሺርሻ ብሩህ ጎን ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት። አማቫስያ! ክሪሽና ያላት ቀን! አሁን ደግሞ ቢሽማና ክሪሽና በአንድ ወገን፣ ባላራማና አርጁና በሌላ ወገን ሆኑብኝ። ጨረቃዎቹም ሁለት ጎራ ገብተው ሊዋጉ ነው።


የቆሎ_ተማሪ_የነበርኩ

ቆይ ልጄ፣ እኔም ወረቀት ላውጣ።

የጊታው በዓል ማርጋሺርሻ 11 ነው ተብሏል። ከዚያ ተነስተሽ እስከ ማጋ 8 ቁጠሪ። ማርጋሺርሻ 11 እስከ ቀጣዩ ወር እስከ ፓውሻ 11፣ 30። እስከ ማጋ 11፣ 60። ሦስት ሲቀነስ 57። ሁለቱን ጫፍ ጨምረሽ ስትቆጥሪ 58።

58! ከጦርነቱ መጀመሪያ እስከ ቢሽማ ሞት 58 ነው። አልጋው ላይ የተኙት 48 ይሆናል። አሥሩ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ እንዳይሆን? አንዱ ባለ ቃል «ጦርነቱ ከጀመረ 58» ሲል የሰማውን ሌላው «ከወደቁ 58» ብሎት እንደሆነስ?


ካልኩሌተር

ጋሼ፣ ይሄ አሪፍ ነው፣ ግን አደገኛ ነው። በዓላቱ ከግጥሙ በኋላ ነው የተደላደሉት። ምናልባት በዓሉን የወሰኑት ሰዎች ራሳቸው 58ን አይተው ወደ ኋላ ቆጥረው ይሆናል። ከሆነ የገጠመው እንዲገጥም ስለተደረገ ነው።


የቆሎ_ተማሪ_የነበርኩ

ይሆናል። ቁጥር ሲገጥምልኝ ደስታዬን መቆጣጠር አልችልም፣ የልጅነት አመል ነው።


ሰማይ_በኮምፒውተር

ጽሑፉ ግን «ተኛሁ» ነው የሚለው። አልጋ ላይ፣ 58። እኔ ሳጣምም ተሰደብኩ፣ እናንተ ግን አሥር ቀን ስትቆርጡ ዝም?


ሌሊት_አንባቢ

😂 አሸነፈን። እውነቱን ነው።

ስለዚህ እኔ ሁለቱንም ጨረቃ ይዤ እቀጥላለሁ። አንዷ ጠፍታ ትጀምራለች፣ አንዷ ሞልታ። 18ቱን መጽሐፍ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት አልጻፈውም፣ የሁለቱንም ስፌት ሳይፈታ ያስቀመጠልን ሰው እንዲያውም ሊመሰገን ይገባዋል።

ደግሞ ይሄን ስጽፍ መስኮቱን አየሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ነው። አንድ ጎኗ የተበላ ጨረቃ አሁን ከውሃ ማጠራቀሚያው ታንከር በላይ ወጣች። ቀላ ያለች፣ ጎንበስ ያለች። ልክ የ14ኛው ሌሊቷ!


ፑኔ_ተመላሽ

ከወጣች እንግዲህ ተነሺ፣ ውጊያው ተጀመረ።


ሌሊት_አንባቢ

እነሱ እኮ እስክትወጣ ተኝተው ነበር። እኔ ፈረቃዬ የሚያልቀው 1 ሰዓት ላይ ነው። 12 ቁጥር አልጋ ደወለ፣ መጣሁ።